የሳኦል ጥሩር ወይስ የዳዊት ወንጭፍ? ለቤት ስቱዲዮ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ስንመርጥ



የዛሬው ርዕሳችን ለመንፈሳዊ ጽሑፍ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኮልፌ ቀራንዮ ከወጣቶቻችን ጋር በተቀመጥን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ፓስተር፣ መዝሙሬን ቤት ልቀዳ ነው፤ የትኛውን ሳውንድ ካርድ ልግዛ?» በአየር ጤናም፣ በቤቴልም፣ በሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየምም አንድ ላፕቶፕና አንድ ማይክ የገባበት መኝታ ቤት ስቱዲዮ እየሆነ ነው። ጥያቄው የዕቃ ጥያቄ ይመስላል። ከበስተኋላው ግን ሌላ ነገር አለ። ጌታ የሰጣትን መዝሙር በደብተር ጽፋ «ዕቃው ሲሟላ እቀዳዋለሁ» እያለች ዓመታት ያስቆጠረች እኅት አለች። የቤት ኪራይ ውዝፍ እያለበት በብድር የገዛውን ዕቃ ዕዳ የሚከፍል ወንድም አለ። እንግዲህ እረኞች ነንና ዝም ልንል አይገባንም።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ለቤት ስቱዲዮ የሚበቃው ዕቃ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ከሚያስፈልገን በላይ ለመግዛት መበደር ደግሞ ለጌታ የሚቀርብ መሥዋዕት አይደለም።

በ1ኛ ሳሙኤል 17 ዳዊት ወደ ጎልያድ ሊወጣ ሲል ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ እንዳለበሰው እናነባለን። ጥሩሩ መጥፎ አልነበረም፤ የንጉሥ ነበርና ምናልባት በሰፈሩ ከነበረው ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር። ዳዊት ግን ሊሄድበት ሞክሮ አልተለማመደውምና አወለቀው። ወንጭፉን ይዞ ከወንዙ አምስት ድንጋዮች መረጠ። ልብ በሉ፤ ዳዊት ርካሽ ዕቃ ስለሚቀደስ አልመረጠም። እጁ የሚያውቀውን፣ ለዚያ ሥራ የሚሆነውን መረጠ። እኛም ዕቃ ስንመርጥ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሳጥኑ ምን ይሠራል?

ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ብዙዎቻችን ሳውንድ ካርድ የምንለው፣ ዋና ሥራው ሦስት ነው። ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያጎላል። የጎላውን ምልክት ኮምፒውተር ወደሚረዳው ቁጥር ይለውጣል። የተቀዳውን ደግሞ ከቁጥር ወደ ድምፅ መልሶ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማናል። ኮንደንሰር ማይክ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ማይኩ የሚፈልገውን 48 ቮልት በዚያው በማይክ ገመድ ይልክለታል።

ከዚህ ያለፈ ተአምር የለውም። ከቃና የወጣውን ዘማሪ ወደ ቃናው አይመልስም፤ ያልተለማመደውን የተለማመደ አያደርገውም። በዘሌዋውያን 19 እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ ያዝዛል። ጥሩ ኢንተርፌስ እንደዚያ ሚዛን ነው፤ በገባው ላይ አይጨምርም፣ ከገባውም አይቀንስም። ደስ የሚለው ነገር ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ብዙዎቹ በዚህ ሥራቸው ታማኞች መሆናቸው ነው። ቀድሞ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ይገኝ የነበረውን የ24 ቢት ቅጂ አሁን በአንድ እጅ የሚያዝ ሳጥን ይሠራዋል።

በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ እንቀዳለን?

ጌታችን በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበና አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለሚያሰላ ሰው ተናግሯል። የእኛም ስሌት የሚጀምረው ከዕቃው ስም አይደለም። በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ እንቀዳለን ከሚለው ነው።

ብቻውን ለሚዘምር፣ ወይም ስብከትና የጠዋት ቃል ለሚቀዳ ሰው አንድ የማይክ መግቢያ ይበቃዋል። ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎና ቤሪንገር ዩኤምሲ22 እንዲህ ናቸው፤ አንድ ማይክ፣ ከጎኑም አንድ የጊታር ወይም የኪቦርድ መግቢያ አላቸው። ሁለት ሰው አብሮ የሚዘምር ከሆነ፣ ወይም ዘማሪውና ክራሩ በአንድ ጊዜ በማይክ የሚቀዱ ከሆነ ሁለት የማይክ መግቢያ ያስፈልጋል። ስካርሌት 2አይ2፣ ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲና ሞቱ ኤም2 በዚህ ረድፍ ይገባሉ። ድራም በብዙ ማይክ ለመቅዳት የሚፈልግ አራት ወይም ስምንት መግቢያ ይሻል። ነገር ግን በኮንዶሚኒየም ውስጥ ድራም የሚቀዳ ሰው ከዕቃው በፊት ስለ ጎረቤቱ ማሰብ አለበት።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በየተራ ነው የሚቀዳው፤ ዛሬ ኪቦርዱን፣ ነገ ቤዝ ጊታሩን፣ ከነገ ወዲያ ድምፁን። በየተራ ለሚቀዳ ሰው ሁለት መግቢያ ያለው ሳጥን አንድን ሙሉ መዝሙር ከነተቀባዮቹ ያስተናግዳል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ወጣቶቻችን የምንመክረው ሁለት የማይክ መግቢያ ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው ሳይነካ የሚቀመጥ ቀዳዳ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። በስካርሌት ስም ላይ ያለው የፊተኛው ቁጥር የመግቢያዎች ሁሉ ድምር እንጂ የማይክ መግቢያ ብዛት አይደለም። 4አይ4 የሚባለው የሚቀበለው ማይክ ሁለት ብቻ ነው። 18አይ20 የሚባለውም ስምንት ማይክ ነው የሚቀበለው። ቁጥሩን አይቶ የገዛ ሰው አራት ዘማሪዎችን ሰብስቦ ሁለት ማይክ ብቻ ሲሰካ ያፍራል። ሻጩን «የማይክ መግቢያው ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ ሳጥኑንም አዙረን እንቁጠር።

የምንኖርበትን ቤት እንወቅ

ሰፈራችን ጸጥተኛ አይደለም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከመንገዱ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ ከመስጊዱ አዛን፣ ከደብሩ ቅዳሴ፣ ከጎረቤት የልጆች ጫጫታ ይመጣል። ይህ አብረናቸው የምንኖር ሰዎች ሕይወት ነውና ልናማርርበት አይገባም። ይልቅ ዕቃችንን ለዚህ ቤት እንምረጥ።

ኮንደንሰር ማይክ ረቂቅ ጆሮ አለው፤ የዘማሪውን እስትንፋስ እንደሚሰማ ሁሉ የጎረቤቱን በርም ይሰማል። ባልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ፣ በአፍ አጠገብ ተይዞ ሲዘመርበት፣ የውጭውን ጫጫታ በጣም ያነሰ ያስገባል። እንግዲህ ማይኩ የኢንተርፌሱን ምርጫ ይነካዋል። ዳይናሚክ ማይክ ምልክቱ ደካማ ስለሆነ የሳጥኑ ማጉያ አቅም፣ ጌን የምንለው፣ በቂ መሆን አለበት። በፖድካስት የታወቀው ሹር ኤስኤም7ቢ ለምሳሌ ወደ 60 ዴሲቤል ጌን ይፈልጋል፤ ደካማ ሳጥን ላይ ሲሰካ ድምፁ ያንሳል፣ ጌኑ እስከ ጫፍ ሲነሣም ሽውታ ይገባል። ማይክና ሳጥን እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው መምረጥ ጠብ ያመጣል።

ክፍሉን ደግሞ በቤታችን ባለው ነገር እናስተካክለው። ከዘማሪው ጀርባ የተሰቀለ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ፍራሽ፣ ልብስ የሞላና በሩ የተከፈተ ቁም ሣጥን የድምፁን ነጸብራቅ ይቀንሳሉ። ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ አያቆሙትም፤ ለአንድ ሰው ዝማሬ ግን ልዩነታቸው ወዲያው ይሰማል። በ2ኛ ነገሥት 4 ነቢዩ ኤልሳዕ ባለዕዳዋን መበለት የጠየቃት በቤቷ ስላለው ነገር ነበር። ተአምሩ የጀመረው ከዚያው ከቤቷ ዘይት ነው። ጋቢው ቤት አለ፤ ከእርሱ እንጀምር።

የመብራቱም ነገር አለ። በላፕቶፑ ዩኤስቢ ኃይል የሚሠራ ሳጥን፣ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ መብራት ቢጠፋም ቅጂው አይቋረጥም። በግድግዳ መብራት ብቻ የሚሠራው ግን እርሱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለከተማችን ይህ ትልቅ መመዘኛ ነው። በቅጂው ውስጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ከተሰማን ደግሞ ሳጥኑን ከመርገማችን በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለን እንሞክር። የግድግዳው ሶኬት መሬት ገመድ በትክክል ካልተዘረጋለት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

የሚያስጎመጁ ቁጥሮች

በካርቶኑ ላይ 192 ኪሎኸርዝ የሚል ቁጥር ሲያዩ ልባቸው የሚነሣ ብዙ ናቸው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በጉብዝናው ጊዜ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፤ ያንን ለመያዝ 44.1 ወይም 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀዳ አንድ ማይክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይይዛል። በ192 ሲቀዳ ወደ 34.6 ሜጋባይት ይደርሳል። ሃርድ ዲስካችን አራት እጥፍ ይሞላል፤ ለሰሚው የሚጨመር ነገር ግን የለም።

ይልቅ ልናየው የሚገባን ሌላ ነው። ዘማሪው በጆሮ ማዳመጫ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ሲሰማ ግራ ይጋባል። በ48 ኪሎኸርዝ የሳጥኑ በፈር 256 ላይ ሲሆን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ5 ሚሊሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ መዘግየት አለ፤ 1024 ላይ ሲሆን ከ21 ይበልጣል። ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያዞር በቀጥታ ወደ ጆሮ የሚልክ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይህን ያስቀርልናል። ለደካማ ላፕቶፕ ያ ቁልፍ ከ192ቱ ይበልጣል። ስንቀዳም ከፍተኛው ድምፃችን ከዜሮው በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቀር ጌኑን ዝቅ እናድርግ። በ24 ቢት ቅጂ ዝቅ ያለው በኋላ ይነሣል፤ ተሰንጥቆ የገባው ግን አይመለስም።

«ለጌታ ምርጡ አይገባውምን?»

ይህን ስንናገር የሚነሣብን ተቃውሞ አለ፤ ከቅን ልብም የሚመጣ ነው። «ለዓለም ዘፋኝ የሆነው ስቱዲዮ ለጌታ አይሁንን? አፖሎ ትዊንን የመሰለ ዕቃ እያለ ለምን ትንሹን እንመርጣለን?» ይላሉ። የማርቆስ 14ቷን ሴትና ያንን ውድ ሽቱ ያነሣሉ። ዳዊት ያለ ዋጋ ያገኘውን መሥዋዕት አላቀርብም ማለቱንም ያስታውሱናል።

መልሳችን ከዚያው ከቃሉ ነው። ሴቲቱ የሰበረችው ብልቃጥ የራሷ ነበር። ዳዊትም ለኦርና የከፈለው ከራሱ ነው። ሁለቱም ሌላው ሰው የሚከፍለውን ስጦታ ለእግዚአብሔር አላቀረቡም። ኪራዩ ያልተከፈለው አከራይ፣ የልጅ ወተት የሚጠብቅ ቤት፣ በየወሩ «ማይክ ላኩልኝ» የሚባል በውጭ የሚለፋ ዘመድ፣ እነዚህ ናቸው የዕዳውን መሥዋዕት የሚከፍሉት። ሐዋርያው በሮሜ 13 ከፍቅር በቀር ዕዳ እንዳይኖርብን ያሳስበናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ትናንት ትንሽ የነበረው ልዩነት ዛሬ የአንድ ቤተሰብ የወራት ቀለብ ሊሆን ይችላል።

ቅጂ መተዳደሪያው የሆነ፣ ብዙ ዘማሪዎችን የሚያስተናግድ ወንድም ትልቁን ቢገዛ አንነቅፈውም፤ መሣሪያው ነው። የእኛ ቃል መኝታ ቤቱ ውስጥ አንድ መዝሙር ሊቀዳ ለተነሣው ነው።

ያገለገለ ዕቃ መግዛትም አያሳፍርም። ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት በላፕቶፕ ላይ ሰክተን እንየው። ሁለቱንም መግቢያ በማይክ እንሞክር፣ 48 ቮልቱን እናብራ፣ ቁልፎቹን ስናዞር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ እንዳለ እንስማ፣ የዩኤስቢ መሰኪያው ላልቶ እንደሆነ በእጃችን እንንካ። በኮምፒውተራችን ዊንዶውስ ወይም ማክ ላይ ድራይቨሩ አሁንም እንደሚሠራ እናረጋግጥ። አሮጌ ሳጥን ሲቸግር በአብዛኛው የሚቸግረው ከዚህ ነው።

ስለ «ክራክ» እንነጋገር

አንድ መራራ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እረኝነታችን ይጎድላል። በየላፕቶፑ ያለው የመቅጃ ሶፍትዌር አብዛኛው «ክራክ» ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተወሰደ ማለት ነው። በተወሰደ ዕቃ ላይ «አንተ ቅዱስ ነህ» ብለን እንዘምራለን። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 5 እግዚአብሔር ጽድቅ በሌለበት የዝማሬን ጫጫታ ሊሰማ እንደማይወድ ሲናገር፣ ይህ ቃል ለእኛ አይደለም ማለት እንችላለንን?

ችግሩን እናውቃለን፤ ከአገራችን ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ሶፍትዌር መግዛት ቀላል አይደለም። ነገር ግን መንገድ አለ። እንደ ስካርሌት ያሉ ብዙ ኢንተርፌሶች ሲገዙ እንደ ኤብልተን ላይቭ ላይት ያለ ሕጋዊ ሶፍትዌር አብሯቸው ይመጣል። ስለዚህ ስንመርጥ «ምን ሶፍትዌር ይዞ ይመጣል?» ብለን እንጠይቅ፤ ይህ ከዋጋው ውስጥ የሚቆጠር ነገር ነው። ያገለገለ ከገዛን ፈቃዱ በፊተኛው ባለቤት ስም ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመን እናጣራ። ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል። ማክ ያለው ጋራጅባንድ አለው። ሪፐር ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው። በንጹሕ እጅ የተቀዳ ቀላል መዝሙር በክራክ ከተዋበው ይሻለናል።

በካሴት ዘመን የሆነው

እኛ የካሴት ዘመን ልጆች ነን። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙር ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ በየቤቱ ዞረ። እያንዳንዱ ግልባጭ ሽውታ ይጨምር ነበር፤ አራተኛው አምስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ቃሉን ለመስማት ጆሮን ማስጠጋት ይጠይቅ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነታቸው 7 ዓመት በታሰሩበት በዚያ ዘመን ዝማሬያቸው በየጓዳው ይሰማ ነበር።

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገር እናስታውስ። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በዘመኑ ታላቅ ስቱዲዮና ኃይለኛ ማሠራጫ ነበረው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥት ወረሰው። ትልቁ ስቱዲዮ በአንድ ቀን ከእጅ ወጣ፤ በየቤቱ የተበተነው መዝሙር ግን አልተወረሰም። ትልቅ ስቱዲዮን አንንቅም፤ ያ ጣቢያ ብዙ ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን እግዚአብሔር ሥራውን በትልቅ ዕቃ ላይ ብቻ እንደማያንጠለጥል ከዚህ እንማራለን።

ይህን ስንል «ጥራት አያስፈልግም» ማለታችን አይደለም። በ1ኛ ዜና 15 ክናንያ ዝማሬውን እንዲመራ የተደረገው አዋቂ ስለነበረ ነው። የጠራ ቅጂ ለሰሚው የምናሳየው ፍቅር ነው፤ አረጋዊት እናታችን በትንሽ ስልክ ስትሰማው ቃሉ እንዲገባት። ያ ጥራት ግን ከውድ ሳጥን ይልቅ ከልምምድ፣ ከማይክ አያያዝና ከተዘጋጀ ክፍል ይመጣል።

ለአጥቢያዎቻችን አንድ ሐሳብ

ዕድራችን ድንኳንና ድስት ለእያንዳንዱ አባወራ አይገዛም፤ አንድ ገዝቶ ሁሉም በየተራው ይገለገላል። አጥቢያዎቻችን ለምን እንዲሁ አያደርጉም? ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው አንድ ሳጥን፣ አንድ ዳይናሚክ ማይክ፣ አንድ የተዘጋ የጆሮ ማዳመጫ፣ ገመዶቹ ከነቦርሳቸው ይገዙ። አንድ ታማኝ ኃላፊ ይኑር፤ ወጪና ገቢ በደብተር ይፈረም። እያንዳንዱ ዘማሪ ለአንድ ሳምንት ወስዶ ይቅዳ። ወጣቱ ከመግዛቱ በፊት በእጁ ይሞክረዋል፤ እንደ ዳዊትም የተለማመደውን ያውቃል። ለመግዛት አቅም የሌላት እኅታችንም መዝሙሯ በደብተር አይቀርም። ሽማግሌዎች በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባችሁ ይህን እንድታነሡ በጌታ ፍቅር እንለምናችኋለን።

በመጨረሻ፣ ጌታን እየፈለጋችሁ ይህን ለምታነብቡ ወገኖቻችን አንድ ቃል አለን። በ1ኛ ሳሙኤል 1 ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አልተሰማም። ካህኑ ዔሊ በአጠገቧ ሆኖ እያያት አልገባውም፤ እግዚአብሔር ግን ሰማት። ኢንተርፌስ፣ ማይክና ገመድ የሚያስፈልጉት ለሰው ጆሮ ነው። ወደ እርሱ ለመጮኽ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ዋጋው በቀራንዮ ተከፍሏል። ዛሬውኑ በዚያው ባላችሁበት ጥሩት።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።